የአንድ አዋጅ ነጋሪ ዘር

አዋጅ ነጋሪን የማያውቅ ገበሬ የለም። ገበያ መሐል ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ እጁን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» እያለ የሚጮኸው ሰው ነው። በሬ የጠፋበት ሰው ወደ እሱ ይሄዳል። የግብር ቀን ሲቆረጥ የሚናገረው እሱ ነው። ጦር መጣ ሲባልም፣ ሰላም ሆነ ሲባልም አገሩ የሚሰማው ከእሱ አፍ ነበር። ግን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። የሰውን ሁሉ ጉዳይ የሚናገረው ይህ ሰው የራሱን ታሪክ ማን ይነግርለታል? የማን ልጅ ነው? አባቱስ በዘመናቸው ምን ብለው ጮኹ?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ጎጃም ውስጥ፣ ከብቸና ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ፊደል ስናስተምር በከረምንበት ጊዜ ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ የአካባቢው አዋጅ ነጋሪ ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አንጽፈውም። እኛ «አያ» እንላቸው ነበር፤ እዚህም አያ እንላቸዋለን። ድምፃቸው እንደ ነጎድጓድ ነው። መጀመሪያ ቀን ሀ ሁ ሂ ሲሉ ወንዝ ማዶ ያሉ ሴቶች «ዛሬ ደግሞ ምን ታወጀ?» ብለው ልጅ ላኩብን።

ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት ስለ ሥራው ጥቂት እንበል። ነጋሪት የሚለው ቃል ዘመዱ መንገር የሚለው ቃል ነው። ነጋሪት ትልቅ ከበሮ ነው። ከእንጨት ወይም ከብረት በተሠራ ጎድጓዳ ዕቃ ላይ ቆዳ ተወጥሮ ይሠራል። በድሮው ዘመን ማንም ሰው ተነሥቶ ነጋሪት ማስጎሰም አይችልም ነበር። ነጋሪት የትልቅ ሹመት ምልክት ነበር። ሹመቱ ከፍ ባለ ቁጥር የነጋሪቱም ቁጥር ይበዛል። ከንጉሡ ደጅ ነጋሪት ተጎስሞ የታወጀውን ቃል ከገበያ ወደ ገበያ የሚያደርሰው ግን የገጠሩ አዋጅ ነጋሪ ነው። እሱ ነጋሪት የለውም። ያለው ጉሮሮ ብቻ ነው። የአገሪቱ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ወረቀት ሆኖ ሳለ ስሙ የከበሮ ስም ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አያ እንመለስ። ስማቸውን መጻፍ በቻሉ በሳምንቱ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ ቀረት ብለው አነጋገሩን።

«ልጆቼ፣ የአባቶቼን ስም ጻፉልኝ» አሉን።

«ለምን ፈለጉት?» አልናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸውን ሊድሩ ሽማግሌ ልከው ነበር። የልጅቱ ወገን «አጥንቱን ቁጠሩልን» አለ። ይህስ የአገር ወግ ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ያለው እንዳይጋባ በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ቁጠሩልን ከተባለ በኋላ ግን ከወደ ጓሮ ሌላ ቃል ተሰማ። «የአዋጅ ነጋሪው አባት ባንዳ ነበር፤ ለጣልያን ጮኾለታል» የሚል ነው። አያ ይህን ሲነግሩን ያ ትልቅ ድምፅ ጠፍቶ ነበር።

«እኛ አንጽፍም፤ እርስዎ ይጻፉ፤ እኛ አጠገብዎ እንሆናለን» አልናቸው። በዚህ ዓይነት ተጀመረ።

የቤተሰብ ታሪክ የሚፈለገው ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ ከታች ወደ ላይ ነው። ከራስ ይጀመራል። አያ ደብተራቸው ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ። ከበላዩ አባታቸውን፣ ከዚያ አያታቸውን፣ ከዚያ ቅድመ አያታቸውን ጻፉ። አራት ስም ሆነ። ከቅድመ አያት በላይ ያለውን አላወቁትም።

«ሴቶቹስ?» አልናቸው።

«እናቴንማ አውቃለሁ። የአባቴን እናት ግን ... ይህን እማሆይን ነው የምጠይቅ» አሉ።

ይህ በእሳቸው ብቻ የደረሰ አይደለም። ክፍል ውስጥ ላሉት ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ብንጠይቅ አብዛኛው ወንድ ወንዱን እስከ አራትና አምስት ድረስ ቆጠረ። የአባቱን እናት ስም የነገረን ግን ጥቂቱ ነው። ሴቶቹ ተማሪዎች የተሻሉ ነበሩ። ለምን ቢባል የማን ሴት አያት ከየት ደብር ተድራ እንደመጣች የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ዘር የሚጽፍ ሰው ሴት አያቱን፣ አክስቱን፣ የአጎቱን ሚስት ሳይጠይቅ ደብተሩን እንዳይዘጋ።

ጎጃም ውስጥ ዘር መቁጠር ድሮ የጨዋታ ነገር አልነበረም። የእንጀራ ነገር ነበር። ርስት የሚገኘው በዘር ነው። በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን የቆጠረ ድርሻ ይጠይቃል፤ ያልቆጠረ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ወንድም ከወንድሙ ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገት ኖሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ዘር ቆጥሮ ርስት ይገባኛል ማለት ቀረ። ሙግቱ መቅረቱ ደግ ነው። ነገር ግን ስሞቹን ያስታውሱ የነበሩት ሽማግሎች ያስታወሱት ለሙግቱ ሲሉ ነበር። ሙግቱ ሲቀር የሚጠይቃቸው ጠፋ፤ ያልተጠየቀ ደግሞ ይረሳል።

እማሆይ የአያ የአባታቸው እኅት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ጎጆ ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልባቸው ግን ንቁ ነው። በየትኛው ዓመት ተወለዱ ብንላቸው ሣቁብን። «ዓመት ማን ይጽፍልን ነበር?» አሉ። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ። የተወለዱበትን ዓመት የማያውቁ ሰዎች አገር ሁሉ የሚያስታውሰውን ነገር ያውቃሉ። ከብቱ አልቆ ሰው በረኀብ የተፈጀበት ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው። የዐድዋ ዘመቻ በ1888 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ነው። ጣልያን የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «መቼ?» ብሎ ከመጠየቅ «ከኅዳር በሽታ በፊት ነው በኋላ? ያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

እማሆይ በኅዳር በሽታ እናታቸውን ቀብረዋል። ያን ጊዜ ውኃ የሚቀዱ ልጃገረድ ነበሩ። ወንድማቸው ማለት የአያ አባት ታላቃቸው ነው፤ ለማረስ ደርሶ ነበር። እንግዲህ ጣልያን ሲገባ አባትዬው ከሠላሳ ዓመት ብዙ አይርቁም ማለት ነው። አያ ራሳቸው ደግሞ ጣልያን ሲወጣ በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃን ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ከየስሙ ጎን ይህን ጻፍን። የክርስትና ስምና የቤት ስም ለየብቻ እንዲጻፍም ተስማማን፤ አንዱ ሰው በሁለት ስም ሲጠራ ሁለት ሰው እየመሰለን ግማሽ ቀን አቃጥለናልና።

አያታቸው ምን ብለው ጮኹ? እማሆይ ከአባታቸው አፍ የሰሙት የ1888ቱን ክተት ነው። ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ያስነገሩት በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦራቸውን ይዘው ዐድዋ ዘምተዋል። አያትዬው አዋጁን በሦስት ገበያ ጮኸው ሲያበቁ ስንቃቸውን አህያ ላይ ጭነው ራሳቸውም ተከተሉ። ተመለሱ፤ ግን አንድ ጆሯቸው አይሰማም ነበር ይባላል። መድፍ ይሁን በሽታ አይታወቅም። እማሆይ «መድፍ ነው» ይላሉ። አያም ወረቀቱ ላይ «መድፍ ነው ይላሉ» ብለው ጻፉ። «ይላሉ» የምትለዋን ቃል ያስጨመርናቸው እኛ ነን። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር።

አባታቸው ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ከበደ።

ጣልያን ጎጃምን ከያዘ በኋላ በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. ሕዝቡ ጠመንጃውን እንዲያስረክብ አዘዘ። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ ከበሬ ቀጥሎ ያለ ሀብት ነው፤ ለአንዳንዱማ ከበሬም ይበልጣል። ጎጃም በጣልያን ላይ እንዲነሣ ካደረጉት ነገሮች ትልቁ ይህ ትእዛዝ ነው። በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች በዚያ አገር ጣልያንን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡት ከዚህ ወዲህ ነው። ታዲያ ጠመንጃ አስረክቡ የሚለውን ቃል በየገበያው ማን ተናገረ? ጣልያንማ አማርኛ አያውቅም። የተናገረው የየአገሩ አዋጅ ነጋሪ ነው። በዚያ ገበያ የተናገሩት የአያ አባት ናቸው።

እማሆይ አልደበቁንም። እንዲህ አሉ፤ «ወንድሜ ጮኾ ነበር። ነጩ በበቅሎ ላይ ነበር፤ ወታደሩም ከኋላው ነበር። እምቢ ቢልስ ማን ያድነዋል? ግን ልብ በሉ። ያልሰማህ ስማ አለ እንጂ የሰማህ ላልሰማ አሰማ አላለም። እሱን ዘለለው። እኔ ሽንኩርት ይዤ ገበያ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አስቡት። በአገሩ ልማድ «አሰማ» ከተባለ የሰማ ሁሉ ላልሰማው ማድረስ አለበት። ካልተባለ አዋጁ ገበያ ውስጥ ላለው ብቻ ነው። እማሆይ እንደሚሉት ቆላ ያሉት ሰዎች አልሰማንም ብለው ጠመንጃቸውን ይዘው የቀሩት በዚህ ነው።

እኛ ደስ አለን። ተማሪ አይደለን? ወዲያው ታሪኩ ያለቀ መሰለን። አያም ደስ አላቸው። ሆኖም አንድ ነገር ከአንድ ሰው ብቻ ተሰምቶ አይያዝም፤ ይልቁንም ተናጋሪው የሥጋ ዘመድ ሲሆን። በቀበሌው በአርበኝነት ጫካ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አያ ወደሳቸው መሄድ አልፈለጉም። ሁለት ቀን አንገራግረው በሦስተኛው ቀን አብረውን ሄዱ።

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉ፤ «ሰምቻለሁ። ጥርት አድርጎ ነው የጮኸው። ከስማ እስከ አሰማ። የአባቴን ውጅግራ ያስረከብኩት ያን ጊዜ ነው። ባዶ እጄን ጫካ የገባሁት እሱ በጮኸው ነው። ጠገራ ብር ሲቀበልም አይቻለሁ።» ይህን ሁሉ የተናገሩት አያ ፊት ለፊታቸው ቆመው እያዩዋቸው ነው።

ወደ እማሆይ ተመልሰን ስለ ብሩ ጠየቅናቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ልጅ ነበረዋ፤ ልጅ ምን ይብላ?» አሉ።

እንግዲህ ሁለት ምስክር ሁለት ቃል ሰጠ። የተስማሙበት ብዙ ነው። ገበያው ያው ነው፤ ወሩ የመኸር ወር ነው፤ አዋጁን የጮኹት የአያ አባት ናቸው፤ ብር ተቀብለዋል። ያልተስማሙት «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» በሚለው ላይ ብቻ ነው። እማሆይ እኅት ናቸው፤ ወንድማቸውን ይወዳሉ። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ያጡ ናቸው፤ ቂም አላቸው። ገበያ ጫጫታ ነው፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ላይሰማ ይችላል። እኛ የትኛው እውነት እንደሆነ መፍረድ አልቻልንም። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ እሱን የነገሩን ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሕዝቡ አባትዬውን ከአዋጅ ነጋሪነት አወጣና ሌላ ሰው ተካ። አዲሱ ሰው ድምፁ ከሾላው ዛፍ አያልፍም። ሦስት ዓመት ታገሡትና የአያን አባት መልሰው ጠሩ። «ባንዳ ቢሆን ኖሮ መልሳችሁ ትጠሩት ነበር?» ብንላቸው ሽማግሌው «ጉሮሮውን ነው የጠራነው» አሉን።

ያን ቀን ማታ አያ «ይህ አይጻፍ። ስሙን ብቻ ጻፉና እለፉ» አሉ።

እኛም እርስ በርሳችን ተከራከርን። አንዳችን፣ የሰውየው ልጅ ሊዳር ነው፤ በወረቀት ላይ ባንዳ የሚል ቃል ምን ይጠቅማል? አልን። ሌላችን፣ ሐሜቱ እንደሆነ ያለ ወረቀትም አለ፤ ባይጻፍ የሚቀረው ሐሜቱ ብቻ ነው፤ የእማሆይ ቃል ግን ከእማሆይ ጋር ይቀበራል አልን። የሁላችንም አሳብ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ። ቢሆንም ወረቀቱ የአያ ነው፤ የኛ አይደለም። ይህንኑ ነገርናቸው።

ራሳቸው ወሰኑ። ሁለት ማታ ፈጀባቸው። በመጀመሪያው ማታ «ጠመንጃ» የሚለውን ቃል በተ ጻፉትና እንደገና ጀመሩ። የጻፉት ይህ ነው፤ «አባቴ በጣልያን ዘመን የጠመንጃ አስረክቡ አዋጅ ጮኸዋል። ብር ተቀብለዋል። አክስቴ እማሆይ የሰማህ ላልሰማ አሰማ አላሉም ይላሉ። አንድ አርበኛ ሽማግሌ ብለዋል ይላሉ። እኔ አልነበርኩም።» ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? እኛ አንድ ቃል አልጨመርንበትም።

የራሳቸውንም ጻፉ። አባታቸው ሲደክሙ ሥራውን የያዙት በወጣትነታቸው ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ፈራ። በብቸና፣ በሞጣ፣ በደጋ ዳሞት ሕዝቡ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦርና አይሮፕላን ላከበት። ያን አዋጅ በዚያ ገበያ የጮኹት አያ ናቸው። ጸሐፊው አነበበላቸው፤ እሳቸው በቃላቸው ይዘው ጮኹ። ድንጋይ ተወረወረባቸው። ቅንድባቸው ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው፤ እኛ ግን በሬ የወጋቸው መስሎን ነበር።

«ያኔ ፊደል ባውቅ አልጮኽም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ የምጮኸውን ግን አውቄ እጮኽ ነበር። ጸሐፊው ያነበበልኝ ወረቀቱ ላይ ያለውን ይሁን የራሱን ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉን።

የ1967ቱን የመሬት አዋጅም የጮኹት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ድንጋይ የወረወረ የለም። ይሁን እንጂ ሁሉም ደስ አላለውም። ብዙ ርስት የነበረው ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ያልነበረው እልል አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ «እስቲ ድገመው» እያለ ሦስት ጊዜ አስጮኻቸው። አያ ስለዚህ ቀን ሲናገሩ ይረዝማሉ። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፤ ቀለም አልቆባቸው ነበር።

ወረቀቱ ሲያልቅ ሁለት ገጽ ሆነ። ምስጥ እንዳይበላው፣ ጢስም እንዳያጠቁረው በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከግብር ደረሰኞች ጋር ተቀመጠ። ሁለተኛ ቅጂ ለእማሆይ ተሰጠ። እማሆይ ማንበብ አይችሉም፤ ግን በራስጌያቸው አስቀመጡት፤ የጎረቤት ልጅ በመጣ ቁጥር ያስነብቡታል።

የልጅቱ ወገን ሽማግሎች አያ ቤት የመጡ ዕለት እኛም ነበርን። አያ ወረቀቱን አውጥተው ራሳቸው አነበቡ፤ ስለ አባታቸው ያለውንም ሳይዘሉ። ሽማግሎቹ ዝም ብለው ሰሙ። ሲጨርሱ አንዱ «የአባትህ እናት ወገን የት ነው? እዚያ ላይ ሰባት ቤት አልሞላም» አለ። ስለ ጣልያኑ ነገር ማንም ምንም አልተናገረ። ምን እንዳሰቡ አናውቅም። የሴት አያትዬውን ስም እማሆይ ነግረውናል፤ የአባቷ ስም ግን ጠፍቷል። ወገኖቿ ወንዝ ማዶ ካለ ደብር ናቸው። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር አያ መሻገር አልቻሉም። ውኃው ሲጎድል፣ ከአጨዳ በፊት፣ ደብተራቸውን ይዘው ሊሄዱ ቀጠሮ ያዙ፤ ሽማግሎቹም እስከዚያ ድረስ እንጠብቃለን ብለው ተነሡ።